ለድምፅና ለሥዕል «ማመሳሰል» ይስማማልን?

ከባዕድ ቋንቋ የሚመለሱ የሙያ ቃላት ሲመረመሩ ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ «ቃሉ አማርኛ ነው ወይስ ውሰት?» የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ቃል በዚህ በኩል የሚነቀፍበት ነገር የለውም። «ማመሳሰል» ሥርወ ቃሉ የታወቀ፣ እርባታው የተሟላ፣ ለማንም አንባቢ እንግዳ ያልሆነ አማርኛ ነው። እንዲህም ሆኖ፣ በአኒሜሽን ሥራ ድምፅና ሥዕል በየቅጽበቱ እኩል እንዲሄዱ ማድረግን እንዲያመለክት ስያሜ ሆኖ ሲገባ፣ ሠሪውን ወደ ስሕተት የሚመራ ሆኖ አግኝተነዋል። ነቀፌታችን በቃሉ ላይ ሳይሆን በአመዳደቡ ላይ ነው።

ነገሩን ያስተዋልነው አምቦ ነው። ከጊንጪ አንሥቶ በአምቦና በጉደር አልፎ እስከ ጌዶ በሚዘልቀው መንገድ ዳር ባሉት ከተሞች ፎቶግራፍ ማንሻና ቪዲዮ ማቀናበሪያ ቤቶች አይታጡም። ዋና ገቢያቸው ሠርግ ነው፤ ነገር ግን ከዕለት ሥራቸው በተረፈው ሰዓት ለልጆች የሚሆን አጭር የአኒሜሽን ሥራ የሚሞክሩ ወጣቶች በውስጣቸው ይገኛሉ። ከነዚህ አንዱ በአፋን ኦሮሞ የተነገረ የቀበሮና የዶሮ ተረት በሥዕል አዘጋጅቶ አሳየን። ተራኪዋ ዕድሜ የጠገቡ ባልቴት ናቸው። የተቀዳው ድምፅ 3 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ፣ ሥዕሉ 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነበር። ወጣቱም ድምፁን ጨምቆ በሥዕሉ ልክ 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ አደረገው። በዚህ የተነሣ ንግግሩ ከመቶ 12 እጅ በላይ ፈጠነ፤ የባልቴቲቱም ድምፅ ቀጥኖ የልጅ ድምፅ መሰለ። ድምፁና ሥዕሉ አብረው ጀምረው አብረው ቢጨርሱም፣ በመካከሉ ዶሮዋ ስትናገር የሚከፈተው የቀበሮው አፍ ሆነ።

ለምን እንዲህ እንዳደረገ ስንጠይቀው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ የሥልጠና ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ የት እንደተዘጋጀ መናገር አስፈላጊ አይደለም። በስድስተኛው ተራ ላይ «ድምፁን ከሥዕሉ ጋር አመሳስል» ይላል። «ጋሼ፣ ወረቀቱ አመሳስል ስለሚል እኩል እኩል አደረግኋቸው» አለን። ልጁ ቃሉን አላጣመመውም። አማርኛው ያለውን ነው የሠራው።

በአፋን ኦሮሞ ምን እንደሚለው ብንጠይቀው ሳያመነታ «ወልሲምሲሱ» ብሎ መለሰ። «ወል» እርስ በርስ መሆንን የሚያመለክት ነው፤ ቃሉ በሙሉ እርስ በርስ እንዲስማሙ፣ አንዱ ለአንዱ እንዲመች ማድረግ ማለት ነው። ቃሉን በዚያው ቋንቋ ቢያገኘው ኖሮ ድምፁን እንደማይጨምቀው ራሱ ተናገረ። ይህች አጭር መልስ ብዙ ታሳስባለች። በምዕራብ ሸዋ ልጆች የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ቁቤ በ1984 ዓ.ም. ከታወጀ ወዲህ በዚሁ ፊደል አንድ ሙሉ ትውልድ ተምሮበታል። የኮምፒዩተር ሥራ መመሪያ ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሳቸው በእንግሊዝኛ ካልሆነ ከእንግሊዝኛ በተመለሰ አማርኛ ነው። በመካከለኛው ቋንቋ የተሠራ ስሕተት በዚያው አይቀርም፤ ወደሚቀጥለው ይወርዳል። ስለዚህ የአማርኛ ቃል መራጭ ለአማርኛ ተናጋሪ ብቻ እየመረጠ እንዳይመስለው ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ቃሉ እንመለስ። «መሰለ፣ ተመሳሰለ፣ አመሳሰለ» ከሚለው ቤት «ምሳሌ»፣ «አምሳያ»፣ «ተመሳሳይ» ይወጣሉ። የሁሉም መሠረት በመልክ ወይም በጠባይ አንድ ዓይነት መሆን ነው። ከዚሁ ቤት «ምስል»ም ይወጣል። «ድምፅን ከምስል ጋር ማመሳሰል» ስንል አንዱን ሥር ሁለት ጊዜ ደጋግመን፣ ድምፅን ከመሰለው ነገር ጋር ማስመሰል ማለታችን ነው። ድምፅ ሥዕልን ሊመስል አይችልም። አንዱ በጆሮ፣ ሌላው በዓይን የሚገባ ነው። የሚጋሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ጊዜ ነው። ቃሉ ይህን አንድ ነገር አይናገርም። (በፖሊስ ዜና «ሰነድ አመሳስሎ በማዘጋጀት» ሲባል የሚሰማው ፍች ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።)

ይህን ስንል ቃሉ ከኮምፒዩተር ዓለም ይባረር ማለታችን አይደለም። በስልክ ውስጥ ያለው የስም ዝርዝር በሌላ ሥፍራ ከተቀመጠው ቅጂ ጋር አንድ እንዲሆን ሲደረግ፣ ያ ሥራ በእውነት ማመሳሰል ነው። ሁለት መዝገቦች አሉ፤ በአንዱ የተጨመረው በሌላው ይጨመራል፤ በመጨረሻ አንዱ የሌላው አምሳያ ይሆናል። እንግሊዝኛው ለዚህም ለዚያም በአንድ ቃል ይጠቀማል፤ ያም ቃል ከግሪክ የመጣ ሆኖ «በአንድ ጊዜ መሆን» ማለት ነበር። ለመዝገቦቹ ሥራ የተሰጠው በኋላ ተስፋፍቶ ነው። የኛ ተርጓሚዎች መጀመሪያ ያገኙት የተስፋፋውን ፍች ነው፤ ለእርሱ ተስማሚ ቃል አወጡ፤ ከዚያም ያንኑ ቃል መልሰው ለጥንተ ፍቹ አለበሱት። የስሕተቱ መንገድ ይህ ነው። አንድ የባዕድ ቃል በሁለት ቦታ ስለቆመ ብቻ አንድ የአማርኛ ቃል በሁለቱም ቦታ ይቁም የሚል ሕግ የለም።

አሁን ቃሉ የሚያገለግልበትን ሥራ ቀረብ ብለን እንመልከት። የአኒሜሽን ሠሪ በመጀመሪያ ድምፁን ከተቀዳበት ፋይል ወደ ፕሮግራሙ ያስገባል። ለዚህ በስልክና በኮምፒዩተር ገጾች ላይ «አስመጣ» የሚል ቃል እናገኛለን። ከ«አስመጪና ላኪ» የተወሰደ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ፋይሉ ግን ከባሕር ማዶ አልመጣም፤ እዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ነበረ። ሠራተኞቹ «ድምፁን አስገባው» ይላሉ፤ በአፋን ኦሮሞም «ገልቹ» የሚሉት ይህንኑ ማስገባትን ነው። «አስገባ» ለሌላ ትእዛዝ ተይዟል የሚል መከራከሪያ እንደሚቀርብ እናውቃለን። ይሁንና አንባቢው የሚገባውን ነገር ከጎኑ ካየ፣ ማለትም «ድምፅ አስገባ» ከተባለ፣ የሚደናገር አይመስለንም። በዚህ ላይ ብዙ አንከራከርም።

ከዚህ ይልቅ ማስተዋል የሚገባው፣ በብዙ ፕሮግራሞች የገባ ድምፅ ወዲያው ከሥዕሉ ጋር የማይያያዝ መሆኑ ነው። ቀድሞ ፍላሽ ይባል በነበረውና ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አኒሜት በተሰኘው ፕሮግራም፣ የገባው ድምፅ መጀመሪያ በዕቃ ማኖሪያው ውስጥ ይቀመጣል። በጊዜ መስመሩ ላይ ካላኖሩት አይሰማም። ስለዚህ ማስገባትና ማኖር ሁለት ሥራዎች ናቸው። ወረቀቱ ሁለቱን በአንድ ቃል ስለጠቀለላቸው፣ ጀማሪው ድምፁን አስገብቶ ጸጥታ ሲሰማ ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል።

በዚሁ ፕሮግራም ድምፁ ከተኖረ በኋላ አራት ምርጫዎች ይቀርባሉ። በአንደኛው ድምፁ ሥፍራው ሲደርስ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ሥዕሉ ቢቆምም ባይቆምም የራሱን መንገድ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ሁለተኛው ከዚህ ጋር አንድ ሆኖ፣ ያው ድምፅ እየተሰማ ከሆነ በላዩ ሌላ አይደርብም። ሦስተኛው ድምፁን ያቆማል። በአራተኛው ሥዕሉ ከድምፁ ጋር እግር ለእግር እንዲሄድ ይገደዳል፤ ኮምፒዩተሩ ሥዕሎቹን በጊዜው ማድረስ ካቃተው አንዳንዱን ዘልሎ ከድምፁ ይደርሳል። ለንግግር የሚያገለግለው ይህ አራተኛው ነው። እንግዲህ በነዚህ አራት ምርጫዎች ራስ ላይ «ማመሳሰል» የሚል ርእስ ስንጽፍ፣ ማቆምም የማመሳሰል ዓይነት ሊሆን ነው! እርግጥ የእንግሊዝኛው ርእስም እዚህ ላይ ልል ነው። ይሁን እንጂ እንግሊዝኛው ቢያንስ ስለ ጊዜ እንደሚናገር ይታወቃል፤ የኛው ግን ስለ መልክ ይናገራል።

በብሌንደር ደግሞ ምርጫው ሦስት ነው፤ አንዱ ቢዘገይም ሥዕሎቹን ሁሉ ሳያጓድሉ ማሳየት፣ ሌላው ጊዜውን ለመጠበቅ ሥዕል መዝለል፣ ሦስተኛው ድምፁን መሪ አድርጎ መከተል። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ይገለጣል። በሁለቱም ፕሮግራሞች ለንግግር የሚመረጠው መንገድ ድምፅን መሪ፣ ሥዕልን ተከታይ ያደርጋል። የዚህ ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ከሥዕል አንድ ቅጠል ቢጎድል ዓይን ሳያስተውለው ያልፋል፤ ከድምፅ ግን ያን ያህል ቢቆረጥ ጆሮ ይሰናከላል።

ይህን ይዘን የወረቀቱን ስድስተኛ ተራ ደግመን እናንብበው፤ «ድምፁን ከሥዕሉ ጋር አመሳስል» ይላል። በአማርኛ ሰዋስው ተሳቢው፣ ማለትም «ን» የወደቀበት ስም፣ የሚለወጠውን ነገር ያመለክታል፤ «ከ… ጋር» የተባለው ጸንቶ ይቆማል። ኮቱን ከሱሪው ጋር አስማማ ብንለው ልብስ ሰፊው መቀሱን የሚያነሣው በኮቱ ላይ ነው። ወረቀቱ ጸንቶ መቆም የሚገባውን ድምፅ ተሳቢ አደረገው፤ ሊለወጥ የሚገባውን ሥዕል አጸናው። ስለዚህ የአምቦው ወጣት የተሳሳተው በቃሉ ብቻ አይደለም፤ በዐረፍተ ነገሩ ሙያም ጭምር ነው። የቃላት ኮሚቴዎች ብዙ ጊዜ ስሙን ብቻ መርጠው ይነሣሉ፤ ግሱ ማንን ተሳቢ እንደሚያደርግ ሳይወስኑ። ይህ ልማድ ቢታረም ይበጃል እንላለን።

ታዲያ በ«ማመሳሰል» ፈንታ ምን ይቁም? ከቀረቡትና ሊቀርቡ ከሚችሉት ቃላት የተወሰኑትን እንመዝን።

«ስምረት» በስልክ ገጾች ላይ ከ«ማመሳሰል» ጎን ለጎን ሲሠራበት እናያለን። ከ«ሠመረ» የወጣ ነው። ሥራው ሠመረ፣ ጸሎቱ ሠመረ ይባላል፤ መልካም ፍጻሜ አገኘ ማለት ነው። እንግዲህ ቃሉ የሥራውን ውጤት እንጂ ሥራውን አይናገርም። «ስምረት አልተሳካም» ብለን ስንጽፍ ደግሞ መሳካቱ አልተሳካም እንደ ማለት ይሆንብናል። ውብ ቃል ነው፤ ለሰው ስምነት ይበቃል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም።

«ማናበብ» ከሁሉ ይልቅ የሚያጓጓ ነው። በጽሕፈት ቤት አማርኛ «ተናብቦ መሥራት» የተለመደ ነው፤ በማተሚያ ቤትም ሁለት ቅጂዎችን አንዱ እያነበበ ሌላው እየተከታተለ ማረም ማናበብ ይባላል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ በአንድ መስመር ላይ መገኘታቸው ለኛ ጉዳይ እጅግ የቀረበ ነው። ችግሩ በገጹ ላይ ነው። «አናብብ» ከሚለው ትእዛዝ አጠገብ «አንብብ» የሚል ሌላ ትእዛዝ ይቆማል፤ ሁለቱን የሚለየው አንድ ፊደል ብቻ ነው። በትንሽ የስልክ መስታወት ላይ በችኮላ የሚነበብ ቃል ይህን ያህል ጠባብ ልዩነት ሊሸከም አይችልም።

«ማጋጠም» በፍቹ ትክክል ነው፤ ሁለት ነገሮች በአንድ ቅጽበት እንዲገናኙ ማድረግ። ነገር ግን «ስሕተት አጋጥሟል» የሚለው ማስታወቂያ በየገጹ ተሰግስጎ ሳለ «ድምፅ አጋጥም» ብሎ ማዘዝ ተጠቃሚውን ስሕተት እንዲፈጥር የታዘዘ ያስመስለዋል። «ማገጣጠም» ደግሞ የመኪናና የትራክተር ሆኗል። «ማጣጣም» ለሕግና ለፖሊሲ ተወስዷል፤ ወደ ጥንቱ ብንመልሰውም ምግብን መቅመስና ማጣፈጥ ነው።

ወደ «ማቀናጀት» እንምጣ። ቃሉ የስብሰባ ቃል ሆኖ አርጅቷል፤ «ጥረታችንን አቀናጅተን» የማይል ሪፖርት የለም። ከዚህ የሪፖርት ትቢያ በታች ግን የእርሻ ቃል አለ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ብቻ ካለው ጎረቤቱ ጋር ቅንጃ ይገባል፤ ሁለቱን በሬዎች በአንድ ቀንበር ጠምደው የአንዱን ማሳ ዛሬ፣ የሌላውን ነገ ያርሳሉ። በሬዎቹ አይመሳሰሉም፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ሊሆን ይችላል። የባለቤቶቻቸውም ስም ለየቅል ነው። እንዲመሳሰሉም የሚፈልግ የለም። የሚፈለገው በአንድ ቀንበር ሥር እርምጃቸው እንዲገጥም ብቻ ነው፤ አንዱ ከቀደመ ፈሩ ይጣመማል። የተለያየ ባሕርይ ያላቸው ሁለት ነገሮች ማንነታቸውን ሳይለውጡ በአንድ ጊዜ መሄዳቸውን ከዚህ የበለጠ የሚገልጽ የአማርኛ ቃል አላገኘንም። በምዕራብ ሸዋ ደጋም ቢሆን በሬ ጠምዶ ማረስ የዕለት ኑሮ ስለሆነ፣ አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ለሚያነበው ሰው ቃሉን በምሳሌ ማስረዳት አይቸግርም። በአፋን ኦሮሞም «ቂንዶሚነ» የሚለው ለቅንጅት ስለሚያገለግል የሁለቱ ቋንቋዎች ስያሜ ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል።

ድክመቱንም አንሸሽግም። በገጾች ላይ «ቅንብር» የሚባል ሌላ ቃል ለሌላ ተግባር አለ፤ «አቀናብር» እና «አቀናጅ» በአነጋገር ይቀራረባሉ። ግን ከ«አናብብ» እና «አንብብ» ይልቅ ይራራቃሉ፤ በፍችም ጠላቶች አይደሉም። ሁለተኛው ድክመት፣ ቅንጃ መሪና ተከታይ አለማስታወቁ ነው። ይህ ከላይ እንዳልነው በተሳቢው ይታረማል፤ «ሥዕሉን ከድምፁ ጋር አቀናጅ» ከተባለ የሚንቀሳቀሰው ሥዕሉ መሆኑ አያጠራጥርም።

አንድ ስያሜ ከተመረጠ በኋላ ተቃራኒዎቹም አብረው ሊሰየሙ ይገባል፤ ሥራው የሚታወቀው ሲበላሽ ነውና። አለመቀናጀት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ድምፁ ከመነሻው እስከ መድረሻው በእኩል መጠን የሚቀድምበት ወይም የሚዘገይበት ነው። ለዚህ «መቅደም» እና «መዘግየት» የሚሉት በቂ ናቸው፤ መድኃኒቱም ድምፁን በጊዜ መስመሩ ላይ ወዲያ ወይም ወዲህ መግፋት ነው። ሁለተኛው ሲጀምር ልክ ሆኖ እያደር እየራቀ የሚሄደው ነው። ለምሳሌ በሰከንድ 24 ፍሬም ተብሎ የተሠራ የ10 ደቂቃ ሥራ 14,400 ፍሬም አለው፤ በ25 ቢጫወት በ576 ሰከንድ ያልቃል፤ ድምፁ ግን ገና 24 ሰከንድ ይቀረዋል። በሰከንድ 44,100 ናሙና የተቀዳ ድምፅ በ48,000 ሂሳብ ቢጫወትም እንዲሁ ከመቶ 8 እጅ በላይ ይፈጥናል። ይህን «መንሸራተት» እንበለው። መንሸራተትን በመግፋት ማዳን አይቻልም፤ መነሻውን ስታቃናው መድረሻው ይጠማል። የሥልጠና ወረቀቱ ሁለቱንም «አለመመሳሰል» ብሎ ስለጠራቸው ለሁለት በሽታ አንድ መድኃኒት አዘዘ።

መቅደምና መዘግየትን በእኩል ዓይን ማየትም ስሕተት ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለቴሌቪዥን ሥርጭት ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት፣ ተመልካች ልዩነቱን ማስተዋል የሚጀምረው ድምፁ ሥዕሉን በ45 ሚሊሰከንድ ያህል ሲቀድም ወይም በ125 ሚሊሰከንድ ያህል ሲዘገይ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ከአንድ ፍሬም ትንሽ የሚበልጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሦስት ፍሬም ይሆናል። ጆሮ ለዘገየው ለምን እንደሚራራ ከሜዳ ማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ያየ ሁሉ ያውቃል። ምሳሩ ከወረደ በኋላ ነው ድምፁ የሚደርሰው፤ 340 ሜትር ቢርቅ አንድ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ምሳሩ ሳያርፍ ድምፁ ተሰምቶ ግን አያውቅም።

እስካሁን ስለ ድምፅ በጠቅላላው ተናገርን። የአኒሜሽን ሠሪን ከሁሉ የሚያደክመው የከንፈር ነገር ነው፤ እኛንም እንደ ቋንቋ ሰዎች ይበልጥ የሚመለከተን እርሱ ነው። «መ»፣ «በ»፣ «ፐ» እና «ጰ» ከንፈር ሳይገጥም አይነገሩም። ስለዚህ ሠሪው የተገጠመ አፍ የሚሥልበትን ፍሬም የሚያገኘው እነዚህን ፊደላት በመከተል ነው። እዚህ ላይ «ገጠመ» የሚለውን ግስ ለከንፈር ብቻ መመደብ ይሻላል እንላለን፤ «ከንፈር መግጠሚያ ፍሬም» ቢባል ሥራው ከነመልኩ ይታያል።

ነገር ግን ፊደላችን ለሠሪው የማይነግረው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ጥብቀት ነው። «ልጁ ዳቦውን ይበላል» እና «ዳቦው ይበላል» የሚሉትን እንውሰድ። ግሱ በጽሕፈት አንድ ነው። በአንደኛው «በ» ላልታ፣ በሁለተኛው ጠብቃ ትነገራለች። በሁለተኛው ከንፈር ገጥሞ የሚቆየው ረዘም ላለ ጊዜ ነው። ጽሑፉን ብቻ አይቶ የሚሥል ሰው ሁለቱንም በእኩል ፍሬም ይዘጋቸዋል፤ ተመልካቹም ምክንያቱን ሳያውቅ ሥዕሉ የሚናገረውን አያምነውም። ቁቤ በዚህ በኩል የታደለ ነው። የሚጠብቀውን ድምፅ ደግሞ ይጽፋል፤ ረጅሙንም አናባቢ ደግሞ ይጽፋል። በእኛ ፊደል ሁለቱም «በዳ» ተብለው የሚጻፉት የአፋን ኦሮሞ ቃላት፣ አንዱ «ክፉ» ሌላው «ደጋ» ማለት ሆነው ሳለ፣ በቁቤ አይምታቱም። ንግግር የሚባለው «ዱቢ» እንኳ ከንፈሩን ገጥሞ የሚቆይ ቃል ነው፤ ቁቤ ይህን በሁለት ፊደል ያሳያል። (በጥንድ ፊደል የሚጻፉት ድምፆች ሲጠብቁ ግን ቁቤም እንደኛው ዝም ይላል።)

ስለዚህ በአማርኛ የሚዘጋጅ የአኒሜሽን ንግግር ጽሑፍ ቢያንስ በከንፈር ፊደላት ላይ የጥብቀት ምልክት ይደረግበት ዘንድ እናሳስባለን። ምልክቱ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ከፊደሉ በላይ የሚቀመጠው የጥብቀት ምልክት በዩኒኮድ ውስጥ የራሱ ሥፍራ አለው። ቀሪው የአዘጋጆች ፈቃድ ነው።

የድምፅ መለወጥ ጉዳይም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሩክታዊት ጥጋቡና በባለቤቷ በሼን ኤትዘንሃውሰር የተመሠረተው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ጸሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው የልጆች ዝግጅት የታወቀ ነው፤ ቀጭኔዪቱ ጸሐይ በአማርኛ ጀምራ በአፋን ኦሮሞና በሌሎችም የሀገሪቱ ቋንቋዎች እንድትናገር ተደርጓል። እንዲህ ባለ ሥራ ሥዕሉ አስቀድሞ ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ መሪነቱ ይገለበጣል፤ አዲሱ ድምፅ ለአሮጌው አፍ ይገዛል። «ድምፁን ከሥዕሉ ጋር አቀናጅ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ትክክለኛ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ብቻ ነው። በዚህም ጊዜ ቢሆን መፍትሔው ድምፅን መጨመቅ አይደለም፤ ተርጓሚው ከንፈር በሚገጥምበት ሥፍራ ከንፈር የሚያስገጥም ቃል መፈለግ አለበት። ሥራው የማሽኑ መሆኑ ቀርቶ የቋንቋው ይሆናል። ከአምቦ አጠገብ ቦዳ በ1928 ዓ.ም. የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ ሲመልስ፣ ቃሉ በተዋናዩ አፍ መመቸቱን ማሰብ ነበረበት። የዛሬው የአኒሜሽን ተርጓሚ ደግሞ ተለዋዋጭ ትንፋሽ የሌለው፣ የተሣለ አፍ ተሰጥቶታል። በአፋን ኦሮሞ «አፋን» አፍም ቋንቋም መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስደስታል።

«ሲንክ» የሚለው ውሰትስ? በቪዲዮ ቤቶች «ሲንክ አድርገው» ሲባል ሰምተናል፤ ይግባባሉም። በአፍ የሚነገረውን ለመከልከል ሥልጣኑም ፍላጎቱም የለንም። «ፍሬም» የሚለውን ራሱ እኛም በዚህ ጽሑፍ ሁሉ ተጠቅመንበታል፤ ሌላ አልፈለግንም። ሆኖም ውሰቱ የሚያገለግለው ሥራውን አስቀድሞ የሚያውቀውን ነው። ገና የሚማረው ከቃሉ ውስጥ ሥራውን ማየት ይፈልጋል፤ የተጻፈ መመሪያም የሚዘጋጀው ለእርሱ ነው።

ወደ አምቦ ተመልሰን ወጣቱን ባገኘነው ጊዜ የባልቴቲቱን ድምፅ ወደ 3 ደቂቃ ከ34 ሰከንዱ መልሶ፣ ሥዕሉን በየቦታው አርዝሞ፣ ቀበሮውንና ዶሮዋን በየተራቸው ሲያናግር አየን። በወረቀቱ ስድስተኛ ተራ ላይ በእርሳስ የሰረዘውን ሰርዞ፣ ተነጋግረን የደረስንበትን ከጎኑ ጽፎ ነበር፤ «ድምፁን አስገባ፤ በጊዜ መስመሩ ላይ አኑር፤ ሥዕሉን ከድምፁ ጋር አቀናጅ፤ የድምፁን ርዝመት አትንካ።»